ያልተማረው አውራ ጣት

ወንድሜ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ለሰው እንድሰጥለት ሲነግረኝ፣ «መጀመሪያ ላጽዳው፤ ቆሻሻ ዕቃ ለሰው አይሰጥም» አልኩት። ማምለጫ ነበር። እኔ አንድ ዕቃ አጸዳለሁ ካልኩ ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ ያውቃል። ጎረቤታችን ደጅ ላይ ድስት ስፈትግ ባየችኝ ቁጥር «ልትድሪያት ነው እንዴ?» ትለኛለች። ወንድሜም «እሺ፣ አጽጂው» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ዘንጉን ይውሰድ የተባለው በየቅዳሜው ከደነባ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉ ዓሦች ይዞ ጅማ የሚመጣ አጥማጅ ነው። እሱና ወንድሜ ለዓመታት የጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን ቆመዋል። «እሱ ይሥራበት፤ እኔ ጋ ይዝጋል» ነበር ያለኝ ወንድሜ። አነጋገሩ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ተቆጥቶ ቢጥለው ነገ ያነሣዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እንዲህ ረጋ ብሎ አጣጥፎ ሲያስቀምጠው ግን ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚያጣጥፍ አላውቅም።

ወንድሜ ዕድሜውን የፈጀው በቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ ነው። ሸቤ አካባቢ ባለ አንድ ጣቢያ፣ ቀይ እሸቱ ከነውሃው ገብቶ ልጣጩ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል የሚወጣበትን ማሽን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ግራሶ ያጠጣል። ሠራተኞቹ ላይ ሁሌ የሚጮኸው አንድ ነገር ነበር፤ «ድንጋይ ሲገባ ሞተር አጥፉ! እጅ አትስደዱ!» ባለፈው የቡና ወቅት ድንጋይ ገባ። ያን ዕለት የመጣው እሸት ብዙ ነበር፤ ካደረ ደግሞ ይቦካል። ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን የሰደደው ራሱ ወንድሜ ሆነ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከሥሩ ሄደ።

ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው። የምንኖርበት እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፣ ልጆቹም ሥራቸው ሌላ ከተማ ነው። ከአደጋው በኋላ ቁስሉ ሲደርቅ፣ አንድ እሑድ ማለዳ ዘንጉን ይዞ ሲወጣ አይቼ ደስ አለኝ። ከቀትር በፊት ተመለሰ። ቦርሳውን ሳራግፍ የተተበተበ የማጥመጃ ክር፣ ናይለን፣ አገኘሁ፤ የጡጫ ያህል ነው፣ በቢላ ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ዘንጉ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባ፤ እሱም በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ባጃጅ መቁጠር ጀመረ። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው እሑድ እንደ ማክሰኞ ሆነ።

ስለ ዘንጉ ትንሽ ልናገር። ዘንጉስ ዘንግ ነው፤ ነገሩ ያለው እላዩ ላይ በተገጠመችው ማጠንጠኛ ነው። ወንድሜ «ማሽኗ» ነው የሚላት። ጅማ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ወንድሜ ጄኔሬተሩን ስለጠገነለት፣ አገሩ ሲመለስ ከነሳጥኗ ትቶለት ሄደ። ጡጫ የማትሞላ ነገር ናት። ውስጧ ናይለን የተጠቀለለበት በከራ አለ። አንድ ቁልፍ ስትጫን በከራው ነፃ ይሆናል፤ ዘንጉን ስትወረውር ጫፉ ላይ ለክብደት የታሰረው እርሳስ ናይለኑን እየጎተተ ይበራል፣ በከራውም ይሽከረከራል። ችግሩ፣ እርሳሱ አየር ላይ ሲደክም በከራው አለመድከሙ ነው። እርሳሱ ከሚወስደው በላይ ናይለን ይተፋል፤ የተተፋው መሄጃ ያጣና እዚያው ይተበተባል። ይህን የሚከለክለው በከራው ላይ ቀለል ብሎ የሚያርፍ የወርዋሪው አውራ ጣት ነው። የወንድሜ አውራ ጣት ደግሞ ሸቤ ቀረ።

ለማጽዳት ስከፍታት ውስጧ ጥቁር ግራሶ ሞልቷል። በሁለቱ ጫፎች በከራውን ተሸክመው የሚያዞሩት ኩሽኔታዎች ሽንብራ ያካክላሉ፤ በግራሶ ከመዋጣቸው የተነሣ መጀመሪያ ኩሽኔታ መሆናቸውንም አላወቅኩም። በሳህን ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ግራሶ ነዋ!»

«ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ። በየዓመቱ። ኩሽኔታ ግራሶ ካላገኘ ይበላል።»

«ወረቀቱ ላይ እኮ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ነው የሚለው። አንድ ጠብታ።»

«የቱ ወረቀት?»

«ሳጥኗ ውስጥ ያለው።»

«እሱን ደሞ ማን ያነባል!» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ለዚያ ነው እንዴ እርሳሱን እንደ ጦር ካልወረወርኩት የማይሄድልኝ?» ብሎ ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ያ የመጀመሪያው ነበር፤ በራሱ ላይ መሆኑ ምንም አልከፋኝም። ወንድሜ ጣት የምታህለውን ማሽን በአምስት ፈረስ ጉልበት መፈልፈያ ሕግ ሲያስተዳድራት ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት የወረወረው ክንዱ ነው።

ሳህኑን ይዤ ስመለስ ሐሳቤ ተለወጠ። እስከዚያች ሰዓት የማጸዳው ቀን ለመግዛት ነበር። አሁን ግን እንዲህ አልኩ፦ በግራ እጁ ቢወረውርስ? ግራው አውራ ጣት አለው። የማዞሪያው እጀታ ያለው በስተቀኝ ስለሆነ፣ በቀሩት አራት ጣቶቹ ሊያዞረው ይችላል። የግራ ክንዱ ደካማ ነው፤ ያ ሁሉ ግራሶ ከወጣላት ግን ማሽኗ ጉልበት አትፈልግም።

እኔ የማንበብ ሰው ነኝ፤ ግን ዘግይቼ ነው የሆንኩት። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ የምፈርመው በጣቴ ነበር። ቡና መጋዘን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እለቅም ነበር፤ ደመወዝ ሲሰጥ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ መዝገብ ላይ አትማለሁ። አንድ ቀን ወንድሜ ሊወስደኝ መጥቶ ያን አየ። በማግስቱ ማታ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደኝና አንደኛ ክፍል፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ኋላ አስቀመጠኝ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። እሱ ግን እስካሁን የሚጠራኝ «ተማሪ» እያለ ነው።

ወረቀቱን በሙሉ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሁለት ቀን አነበብኩት። ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን ሦስት ጊዜ አጠብኩ፤ ቤንዚኑ ጥርት ብሎ እስኪወጣ። በጨርቅ አደረቅኳቸው። ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። በከራው የሚዞርበትን ቀጭን ብረት በጥጥ ጠረግኩ። የማዞሪያው ጥርሶች ላይ ብቻ፣ ወረቀቱ ስለፈቀደ፣ ለምልክት ያህል ግራሶ ቀባሁ። ስገጥማትና በከራውን በጣቴ መታ ሳደርገው፣ እንደ ድሮው ሁለቴ ዞሮ መቆሙ ቀርቶ፣ ሄደ፣ ሄደ። ወጥቼ ሰሌን ላይ የተሰጣውን ቡና አገላብጬ ስመለስ ገና ይዞራል። (አጋነንኩ። ግን ብዙ ዞሯል።)

ከጎኗ አንዲት ትንሽ ማጥበቂያ አለች። እሷ የምትስተካከለው እርሳሱን ከጠረጴዛ ከፍታ እየለቀቁ፣ መሬት ሲነካ በከራው አብሮ እንዲቆም በማድረግ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ እርሳስ ስጥል ዋልኩ።

«ምንድነው እዚያ የሚወድቀው?» ይላል ወንድሜ ከበሩ።

«እርሳስ ነው፤ ምንም አይደለም።»

«ይኸውልህ፣ ቤቱን አፍርሳ ልትጨርሰው ነው» አለ ለአንድ አላፊ አግዳሚ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ሜዳ ላይ አይሠራ ይሆናልና፣ ቅዳሜ ማለዳ ዘንጉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ጅሬን አቅጣጫ ካለ የሣር ሜዳ ወጣሁ። የምወረውረው በግራ እጄ ነው፤ የእሱን አለመልመድ በእኔ አለመልመድ ለመለካት ብዬ። መጀመሪያ ስወረውር እርሳሱ በረረ፤ ከክንዴ ጉልበት የማይጠበቅ ርቀት ነው። ወዲያው ግን በከራው ናይለኑን እንደ ፈላ ወተት አስገነፈለውና ተተበተበ። አቃንቼ ስጨርስ ፀሐይ ሞቃለች። ሁለተኛውም እንደዚያው።

ሣር ያጨዱ ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ያዩኛል።

«አዴ፣ እዚህ እኮ ቁርጡሚ የለም!» አለች አንዷ፤ ዓሣ የለም ማለቷ ነው።

ሁለተኛዋ፣ «ተያት፤ ላም ልታጠምድ ይሆናል» አለች።

ሳቅኩ፤ ግን ልቤ ሥራው ላይ ነበር። ማሽኗን ስለ ፈታኋት ልጓሟንም ፈትቼባታለሁ። ግራሶው፣ ስሕተትም ቢሆን፣ ፍሬን ነበር። የራሷ ፍሬን በከራው ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተወረወሩ ግድግዳውን የሚፈትጉ ሁለት የፕላስቲክ ቁራጮች ናቸው፤ አንዱ ተሰብሮ ጠፍቷል፣ ሌላው አልቋል።

ከወረቀቱ ጀርባ ከእኛዋ የሚበልጡ ሞዴሎች ሥዕል ነበር። በአንዷ ጎን ላይ የተጻፈውን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጌ ሳገኘው «ማግኔት» ነው። ሰኞ ከሥራ ስወጣ እዚያው ጊንጆ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ገባሁ።

«እትዬ፣ ስልክዎ ምን ሆነ?»

«ስልኬ ደህና ነው። የተበላሹ ስልኮች ስፒከር ውስጥ ያለውን ማግኔት ፈልጌ ነበር። አራት።»

«ለምን?»

በከራውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። ተቀበለኝና አንድ ማግኔት አስጠጋበት፤ አልያዘም።

«ይሄ እኮ አልሙኒየም ነው። ወላሂ፣ ማግኔት አይነካውም፤ በከንቱ ነው የሚደክሙት።»

«አዙረው» አልኩት።

በከራውን በሁለት ካቻቢቴ ጫፍ መሃል ይዞ መታ አደረገው፤ ሽው ብሎ ዞረ። ማግኔቱን አስጠጋሁ፤ ሳይነካው። በከራው ማር ውስጥ እንደ ገባ ዝግ አለና ቆመ። ማግኔቱን አራቅኩ፣ ደገምን። አሁንም ቆመ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ጠጋኙ። «ምንድነው ይሄ?»

የማታ ትምህርት ስማር ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ ስቼዋለሁ። የሚዞረው አልሙኒየም ማግኔት ፊት ሲያልፍ በራሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ መልሶ መዞሩን ይቃወማል። በፈጠነ ቁጥር የሚይዘው ይጠነክራል፣ ሲዘገይ ይለቀዋል። ያኔ መልሱን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ሳልገባው ስለያዝኩት ጠፋኝ። አሁን በዓይኔ አየሁት። ጠጋኙ ማግኔቶቹን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ እዚያ ሳለሁ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ሙከራውን እንዲያይ አስገደደው።

በማሽኗ የጎን ክዳን ውስጥ ሮንዴላ የሚባለውን መሃሉ ክፍት የሆነ ቀጭን ክብ ብረት በሙጫ ለጠፍኩ፤ አራቱ ማግኔቶች እላዩ ላይ በራሳቸው ይይዛሉ፣ ካስፈለገም በጥፍር ይነሣሉ። ረቡዕ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። ሃያ ጊዜ በግራ እጄ ወረወርኩ። አንድም ጊዜ አልተተበተበም። ጣቴን ጭራሽ ሳላሳርፍ ወረወርኩ፤ አልተተበተበም። በእርምጃ ስለካው ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እንከን የለሽ ሆኖ የተሰማኝ ይህ ነበር።

ለወንድሜ፣ «ዕቃው ጸድቷል። ለሰውዬው ግን ራስህ ስጠው፤ ሐይቁ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። አየኝ። ምን እንዳሰብኩ ሳይገባው አይቀርም፤ ሆኖም እሺ አለ።

እሑድ በሚኒባስ ደነባ ደረስን፣ ከዚያ ወደ ውሃው ወረድን። ውሃው ጸጥ ብሏል። ያ አጥማጅ ራቅ ብሎ በታንኳ መረቡን ያነሣል፤ እጁን አውለበለበልን። ወንድሜ ዘንጉን በግራ እጁ ይዞ ቆመ፤ አያያዙ የሌላ ሰው ሕፃን እንደ ያዘ ወንድ ነው። እኔ ከኋላው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ወረወረ። እርሳሱ በረረ፣ ወደቀ፣ በከራው ቆመ። ንጹሕ ነው። ጠቅልሎ ደገመ። ንጹሕ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ፊቱን አየዋለሁ፤ ደስታ እጠብቃለሁ። ስድስተኛው ላይ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አጋደመው።

«ምን አደረግሽባት?»

ነገርኩት። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ማግኔቱ፣ ስለ ሜዳው። «አሁን ጣት አያስፈልጋትም» አልኩ ስጨርስ። ኩራቴ ከድምፄ ሳይሰማ አልቀረም።

«ታዲያ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?»

«እንዴት?»

«ራሷ ትወረውራለች፣ ራሷ ትቆማለች። እኔ ተሸካሚ ነኝ። ይሄን ለማየት ከሆነ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ባጃጅ ባይ ምን አለበት?» ቀና ብሎ ታንኳዋን አየ። «ያንን ሰውዬ ልጥራው፤ ይውሰዳት።»

ሁለት ሳምንት የለፋሁት እሱን ወደዚህ ውሃ ለመመለስ ነበር፤ እሱ ውሃው ዳር ቆሞ ሊመለስ ነው፤ መላሿም እኔ ነኝ። ስሕተት ሲነግሩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ስሕተት አለመሆኑን ማስረዳት ነው፤ «ግን አልተተበተበም እኮ» አልኩ።

«አልተተበተበም። ይተብተብ ነው የምልሽ! ይሄ የግራ አውራ ጣቴ ማይም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዱላ ከመያዝ ሌላ አያውቅም። ካልተሳሳተ በምን ይማራል? አንቺን ማታ ትምህርት ስልክሽ፣ ፈተናውን ሌላ ሰው ይፈተንልሽ ብያለሁ?»

«አላልክም።»

«ስንቴ ፈተና ወደቅሽ?»

«ሦስቴ።»

«አራቴ ነው። ሂሳብን ረሳሽው። በይ፣ ሁለቱን አውጪልኝ።»

የጎን ክዳኑ በጣት በሚፈቱ ሦስት ቪቴዎች ነው የታሰረው። ፈታሁት። ሁለቱን ማግኔቶች በጥፍሬ አላቀቅኩ፤ እጄ እምቢ እያለኝ። ገጥሜ ሰጠሁት።

ወረወረ፤ ተተበተበ። ክምር ሆኖ ወጣ። ዘልዬ ልቀበለው ስል፣ «ተይ!» አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ማሽኗን በሁለቱ ጉልበቶቹ መሃል አጣበቀና በግራ እጁ ጣቶችና በጥርሱ ናይለኑን ይለቅም ጀመር። አውራ ጣት የሌለው ቀኝ እጁ የሚለቀመውን ይይዛል፤ ያመልጠዋል፤ መልሶ ይይዛል። የት እንደ ታሰረ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። እኔ ብሆን በአንድ ደቂቃ የምፈታው ነው። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

«ያቺ በስተላይ ያለችውን ብት…»

«ተማሪ!»

«ዝም አልኩ።»

ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ምንም ሳልሠራ ከመቀመጥ የሚከብድ ሥራ ሠርቼ እንደማላውቅ ተረዳሁ። እኔ ስደናቀፍ እሱ እያየ አሥራ ሁለት ዓመት እንዴት ዝም እንዳለ የገባኝም ያኔ ነው። የቤት ሥራዬን አንድ ቀን አልሠራልኝም። እሱ ራሱ በወጉ ማንበብ ባይችልም፣ ሌላ ሰው ይሥራላት አላለም።

ሁለተኛው ውርወራ ትንሽ ተተበተበ፤ ቶሎ ተፈታ። በሦስተኛው እርሳሱ ዝቅ ብሎ በረረና ከዳር ብዙም ሳይርቅ ጠብ አለ። ወንድሜ ግራ እጁን አራገፈ።

«አቃጠለኝ! በከራው አቃጠለኝ!» ጣቱን አየው፣ አሳየኝ። ቀይ መስመር ወጥቶበታል። በከራው ደግሞ ቆሟል፤ ከናይለኑ አንዲት ክብ እንኳ አልተላቀቀችም። «ቆይ፣ ቆይ» እያለ መጠቅለል ጀመረ፤ እጀታውን በአራቱ ጣቶቹ መሃል ይዞ።

አጥማጁ ታንኳውን ወደ ዳር አስጠግቶ ጮኸ፤ «ኦቦ፣ ዘንጉን ውሰድ ተብዬ ነበር፤ ልውሰደው ወይስ ምን ይሁን?»

«ምን ቸኮልክ? ገና አንደኛ ክፍል ነኝ» አለው ወንድሜ፣ ሳይዞር። ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንቺም ከዚያ ተነሺ፤ ግራ እጄ ወዴት እንደሚልከው ገና አላውቅም፤ እርሳሱ ግንባርሽን ይልሻል።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁና በቀኙ በኩል፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ።